ነፃ ፒስተን ሞተርና የከባድ ማሽኖች ሃይድሮሊክ

ነፃ ፒስተን ሞተር ክራንክሻፍት፣ ማለትም የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ የሌለው ሞተር ነው። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይመላለሳል፤ የሚያሽከረክረው ነገር ግን የለም። ጉልበትን በዘይት ግፊት በሚያስተላልፈው በሃይድሮሊኩ ዓይነት የፒስተኑ ሌላኛው ጫፍ በቀጥታ ዘይት ይገፋል። ሞተሩና ፓምፑ አንድ ዕቃ ሆኑ ማለት ነው።

ጥቅሙ የሚገባን የዛሬውን ኤክስካቫተር ወይም ሎደር ስናይ ነው። የናፍጣ ሞተሩ ፒስተን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ክራንክሻፍቱ ይህን ወደ ዙር ይለውጠዋል። ዙሩ ፓምፑን ይነዳል። ፓምፑ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ ፒስተኖች አሉ፤ እነሱም መልሰው ይመላለሳሉ። ቀጥታው ዙር ሆነ፣ ዙሩ ተመልሶ ቀጥታ ሆነ። በየመሀሉ ጉልበት በሰበቃ ይባክናል። ነፃ ፒስተን መሀል ያለውን ሁሉ ያወጣዋል። ሃይድሮሊክ የሚወድ ሰው ይህን ሐሳብ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።

የሞተሩ አባት ተብሎ በአብዛኛው የሚጠቀሰው የአርጀንቲናው ተወላጅ ራውል ፓቴራስ ፔስካራ ነው። ሄሊኮፕተርም የሠራ ሰው ነው። የአሜሪካ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። የጀርመኑ ዩንከርስም በዚያው ዘመን ገደማ በራሱ መንገድ ይሠራ ነበር። የዩንከርስ ነፃ ፒስተን ኮምፕረሰሮች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ውስጥ የታመቀ አየር አቅርበዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ተርባይንን የሚያሽከረክረው ዓይነት ገነነ። የፈረንሳዩ ሲግማ ጂኤስ-34 በጣም የታወቀው ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1956 ኤክስፒ-500 የተባለች የሙከራ መኪና አሳየ፤ ፎርድ ደግሞ ትራክተር ሞከረ። ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ።

ሃይድሮሊኩ ዓይነት በደንብ የጎለበተው ኔዘርላንድ ውስጥ ነው። ብሬዳ ከተማ ያለው ኢናስ የተባለ ድርጅት ቺሮን የሚባለውን ሞተር ሠራ፤ የሥራው ዋና ሰው ፒተር አክተን ነው። ቺሮን አንድ ፒስተን ብቻ ያለው ባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተር ነው። ፒስተኑ ከነዳጁ ቃጠሎ ተገፍቶ ሲሄድ ዘይቱን በግፊት ወደ ሲስተሙ ይልካል። ለመመለስና አየሩን ለማመቅ የሚያስፈልገውን ጉልበት አኩሙሌተር (ዘይትን በግፊት የሚያከማች ዕቃ) ውስጥ ከተጠራቀመ ዘይት ያገኛል።

እዚህ ጋ ብልሃቱ አለ። ፒስተኑ ዘይቱን ገፍቶ ሲጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቫልቭ ሲከፈት ቀጣዩን ምት ይጀምራል። ብዙ ዘይት ሲፈለግ ምቶቹ ይቀራረባሉ፤ ጥቂት ሲፈለግ ይራራቃሉ። የእያንዳንዱ ምት አሠራር ግን ያው ነው። ስለዚህ ሥራው ሲቀልም የነዳጅ አጠቃቀሙ ብዙም አይበላሽም። ሥራ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አይተኮስም። ማሽኑ ቆሞ ገልባጭ መኪና ሲጠብቅ በሚኒሞ (ያለ ሥራ እየዞረ) ናፍጣ አይበላም። ለማስነሳትም ሞተሪኖ (የማስነሻ ሞተር) አያስፈልገውም፤ የመጀመሪያው ምት ራሱ ያስነሳዋል። ኢናስ ፎርክሊፍት ላይ ገጥሞታል። ከተለመደው ሞተር ምን ያህል ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው አኃዝ የሚመጣው ባብዛኛው ከሠሪዎቹ ስለሆነ በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በቀላል ሥራ ላይ የተሻለ መሆኑ ግን ከአሠራሩ በግልጽ ይታያል።

ፊንላንድ ታምፔሬ ውስጥ ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር ተሞክሯል።

ችግሩም ከዚያው ከነፃነቱ ይመጣል። ክራንክሻፍት ፒስተኑ የት እንደሚቆም ይወስን ነበር። እሱ ሲወጣ ይህን የሚወስነው የጉልበቶቹ ሚዛን ብቻ ነው። ነዳጁ ትንሽ ቢበዛ ወይም ቃጠሎው ቢዘገይ የፒስተኑ መቆሚያ ይለወጣል፤ የእመቃው መጠንም አብሮ ይለወጣል። ቫልቮቹ እጅግ ፈጣን መሆን አለባቸው። የዘይቱ ፍሰት በምት በምት ስለሚመጣም ግፊቱ ይዘላል። አንድ ፒስተን ብቻ ሲሆን ማሽኑን ያንቀጠቅጣል። ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ሲገጠሙ የአንዱ ንቅናቄ የሌላውን ያጠፋል።

የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የያዘው ይህን ፊት ለፊት የተገጠመ ዓይነት ነው። እዚያ ዞንግሹዋን ሰንና ባልደረቦቹ ኮምፒውተር ቫልቩን እየተቆጣጠረ ፒስተኑን በተወሰነለት መስመር እንዲሄድ አድርገዋል። የክራንክሻፍቱን ሥራ ሶፍትዌር ተረከበው። መስመሩን ደግሞ እንደ ነዳጁ ዓይነት መቀየር ይቻላል፤ ብረት ክራንክሻፍት ይህን አይችልም።