ዕረፍት የሚዘጋጀው ዓርብ ነው

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ይብዛላችሁ፣ በሐዋሳና በዙሪያዋ ያላችሁ የተወደዳችሁ ቅዱሳን።

እሁድ ከፕሮግራም በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «እንዴት ሰነበታችሁ?» ስንባባል ደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ክብር ለጌታ ይሁን፣ ግን ደክሞናል» የሚል ነው። ድካሙ እውነት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራ አለ፣ በሳምንቱ መካከል የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ፣ ዓርብ አዳር ጸሎት፣ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ፣ በየመሀሉ ለቅሶና ሠርግ፣ እሁድ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ አገልግሎት። ብዙ ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባው ቅዳሜ ከወጣበት የባሰ ዝሎ ነው። እኛም እንዲህ የደከመውን ወገን «ጸልይ፣ በጌታ ደስ ይበልህ» ብለን እናልፈዋለን። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ደስታም ሆነ ኑሮን በእግዚአብሔር ዓይን ማየት ካረፈች ነፍስ ነው የሚፈልቀው፤ ዕረፍት ደግሞ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አይገኝም፣ ተዘጋጅተው ነው የሚገቡበት።

ዘጸአት 16ን ክፈቱ። እስራኤል ከግብፅ ከወጡ ገና ሁለተኛ ወራቸው ነው፤ ዐሥሩ ትእዛዛት የሚመጡት ምዕራፍ 20 ላይ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይህን የባርነት ሕዝብ ማረፍን አስተማረው። ለአንድ ሰው የቀን መና ጎሞር በሚባለው መስፈሪያ አንድ ነበረ፤ በስድስተኛው ቀን ሁለት ሁለት ጎሞር ለቀሙ። በሌላ ቀን ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ፣ ለሰንበት ያሳደሩት ግን ደህና አደረ። ሙሴ በዋዜማው የምትጋግሩትን ጋግሩ፣ የምትቀቅሉትን ቀቅሉ አላቸው። እጥፉን የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ መልቀሙና መጋገሩ የሕዝቡ ድርሻ ነበር። በሰባተኛው ቀን ማለዳ ሊለቅሙ የወጡም ነበሩ፣ አንዳች አላገኙም። እሁድ ከሰዓት «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ብለን ጋደም ስንል ልባችን የማያርፈው ከእነርሱ ጋር ስለምንመሳሰል ነው፤ ዋዜማው ባዶውን አልፏል።

ወደ ዝርዝሩ ሳንገባ አንድ ነገር ይታወቅልን። ሐዋርያው በቆላስይስ 2፥16 ስለ ሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ ብሏል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሌላ ወንድም ወይም እህት የሚመዘኑበት ሕግ አይደለም። ዕረፍታችን ራሱ ክርስቶስ ነው፤ «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ፥ እኔም አሳርፋችኋለሁ» ያለው እርሱ ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ወደ እርሱ የምንመጣበትን ጊዜ ምን እየበላው ነው?

አብዛኛውን የሚበላው ጓዳው ነው። ስለዚህ ከጓዳ እንጀምር። የእሁድ እንጀራ ዓርብ እንዲጋገር ሊጡ ረቡዕ ይቦካ፤ በሐዋሳ ሙቀት ዓርብ በደንብ ይደርሳል። ዓርብ የተጋገረ እንጀራ በደንብ በርዶ ከተከደነ እስከ እሁድ ሳይሻግት ይቆያል፤ ትኩሱን ከከደናችሁት ግን ወዝቶ ቶሎ ይበላሻል። ዓርብ መብራት ቢጠፋ ቅዳሜ ጠዋት መጠባበቂያ ነው፣ ጋገራውን እስከ ቅዳሜ ማታ የገፋ ሰው ግን መጠባበቂያ የለውም። ወጡ ቅዳሜ ከሰዓት ይሠራ፤ ምስርም ሆነ ዶሮ አድሮ ቢበላ አይጎዳውም። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካኖቹ ቅዳሜ ይሞሉ። ልብስ ዓርብ ይታጠብ፣ ቅዳሜ ይተኮስ፤ የልጆች ጫማ ቅዳሜ ማታ ተጠርጎ በር አጠገብ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ከመንፈሳዊ ትምህርት የራቀ የሚመስለው ካለ እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያለውን የቤቱን ጩኸት ያስታውስ። ጠፍቶ የሚፈለግ ካልሲ፣ ያልተተኮሰ ሸሚዝ፣ ባጃጅ እያስጠበቁ መነታረክ፤ ከዚያም ሰተት ብሎ ገብቶ አምልኮ ላይ መቆም። በመዝሙሩ ሰዓት ልብ የማይሰበሰበው ሁልጊዜ በሰይጣን ውጊያ ብቻ አይደለም።

ይህን ስንል ደግሞ ሸክሙን ሁሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ እንዳንጥል። ዘዳግም 5 የሰንበትን ትእዛዝ ሲደግም ምክንያቱን ከፍጥረት ወደ ነጻነት ይወስደዋል፦ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህ፤ ስለዚህ ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ይረፉ ይላል። በቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች ዕረፍቷ የታወቀ ቀን ይሁን፣ በእናንተ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ አይሁን። አምልኮ መሄድ ከፈለገች ትሂድ፣ መተኛት ከፈለገች ትተኛ፣ ደመወዟም አይነካ። ባሎችና ወንዶች ልጆች ቅዳሜ ሽንኩርት ይላጡ፣ ውሃ ይቅዱ፣ ልብስ ይተኩሱ። እናት እያበሰለች የሚያርፍ ቤት ገና ሰንበት አልገባም።

ቀጥሎ ልብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ቀን የሚጀምረው ከማታ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሳምንቱን ዝጉ። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ወረቀት ያዙና ያላለቀውን፣ የሚያስጨንቀውን ሁሉ ጻፉ። ብዙዎች እዚህ የሚሳሳቱት «ኑሮ»፣ «ሥራ»፣ «ልጆች» ብለው በጅምላ በመጻፍ ነው፤ በጅምላ የተጻፈ ጭንቀት አይራገፍም። «የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ»፣ «ከአለቃዬ ጋር ሐሙስ የተነጋገርነው»፣ «የእናቴ ጉልበት» ብላችሁ በስሙ ጻፉት። ከዚያ ለዩት። ሰኞ እናንተ የምትሠሩት ከሆነ ሰዓቱንና የምታናግሩትን ሰው አጠገቡ ጻፉ። የሌላ ሰው ድርሻ ከሆነ ስሙን ጻፉና ልቀቁት። የእናንተም የሌላውም ሰው እጅ የማይደርስበትን ደግሞ በፊልጵስዩስ 4፥6 መሠረት በስሙ እየጠራችሁ ወደ ጌታ አቅርቡ፤ ቃሉ «ከምስጋና ጋር» ስለሚል ከእያንዳንዱ ጋር በዚያው ነገር ውስጥ ያያችሁትን አንድ ቸርነት አመስግኑ። ወረቀቱን አጥፋችሁ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አኑሩት፣ እስከ ሰኞ ጠዋት አትክፈቱት። ጭንቀቱ ሌሊት ከተመለሰ «ተጽፏል፣ ተሰጥቷል» በሉትና መዝሙር 4፥8ን እያላችሁ ተኙ።

ከእራት በፊት ቤተሰቡ መዝሙር 92ን በአንድነት ያንብብ። ከመቶ ኀምሳው መዝሙራት በርእሱ ላይ ለሰንበት ቀን የተባለው ይህ ብቻ ነው። 15 ቁጥር ነው፣ ልጆችም ተራ በተራ ሊያነቡት ይችላሉ። ዳታውን እስከ እሁድ ማታ 12 ሰዓት አጥፉት፤ ለታመመና ለቸገረው ወገን የስልኩ ጥሪ ክፍት ይሁን። መጽሐፍ ቅዱሱን ከስልክ የምታነቡ ለዚህ ቀን የታተመውን አውጡ፤ ጥቅስ ፍለጋ ስልክ የከፈተ ሰው ቴሌግራም ውስጥ ሩብ ሰዓት ቆይቶ መውጣቱ የተለመደ ነው። የአገልግሎት አስተባባሪዎችም የእሁዱን ተራ እስከ ዓርብ አሳውቁ። ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ «ነገ አንተ ነህ የምትመራው» የሚል መልእክት የወንድምን ዕረፍት መስረቅ ነው።

እሁድ ከሰዓት እንቅልፍ ካስፈለገ ተኙ፤ አንድ ሰዓት የተኛ ሰው ኃጢአት አልሠራም። የሚያዝለው ጋደም ብሎ ስልክ እያገላበጡ ማምሸት ነው። 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ስትበርድ ከቤተሰብ ጋር ወደ ፍቅር ሐይቅ ውረዱ፣ ጉልበት ያላችሁም የከተማችንን ታቦር ተራራ ውጡ። የጌታ መልክ የተለወጠበትን ተራራ ወንጌላት በስም አይጠሩትም፣ ታቦር የሚለው የቆየ ትውፊት ነው። ቢሆንም የእኛን ታቦር ስትወጡ ማርቆስ 9ን አስቡ፤ ደቀ መዛሙርቱ እዚያው ዳስ ሠርተው ሊቀሩ ወደዱ፣ ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፣ ከታች የታመመ ልጅና የተጨነቀ አባት ይጠብቁ ነበር።

ደስታን በተመለከተ ነህምያ 8 በቂ ነው። «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ» የሚለውን ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ ከእርሱ ፊት ያለውን ግን እንዘለዋለን። ሕዝቡ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆሞ ቃሉን ሰምቶ እያለቀሰ ነበር። የሰማው ትእዛዝ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻቸውን ላኩ የሚል ነበር። የእሁድ ምሳችሁ ላይ አንድ ሳህን ጨምሩ። ሐዋሳ ውስጥ ሳህኑ የሚሄድበት ቤት ሩቅ አይደለም፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በየሰፈሩ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ እኅቶች አሉ፣ ብዙዎቹ ከአገር ቤት ርቀው። አዳር ሠርታ የመጣች ልጅ ምሳ የምታበስልበት ጉልበት የላትም። ምግቡን ልጆቻችሁ ይዘው ይሂዱ፣ ስሟን ይጠይቁ። ደስታ ጠፋብኝ የሚል ቤት ይህን ለአራት እሁድ ያህል ይያዘው፤ ስሜት ሳይጠብቅ ያድርገው፣ ታዘዙ እንጂ ሲሰማችሁ አድርጉት አልተባለም።

ነገሮችን በልካቸው ለማየት ደግሞ ከመዝሙር 73 የሚሻል መምህር አናውቅም። የመዝሙሩ ባለቤት አሳፍ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደቀረው ይናገራል፤ ምክንያቱም የክፉዎችን ሰላም አይቶ ቀና። ዛሬ ያ ዓይን በስልካችን መስታወት ላይ ነው፦ የእገሌ ቤት ተሠራ፣ የእገሌ ልጅ ውጭ ወጣ፣ እኛ ግን ጤፍ በየወሩ እየጨመረብን በአንድ ደመወዝ ቆመናል። አሳፍ ይህን ለእግዚአብሔር አልሸሸገውም፤ በከንቱ ልቤን አጸደቅሁ እስከማለት ደርሷል። ቁጥር 15 ላይ ግን ቆም በሉ። ያሰብሁትን እንዲሁ አውርቼው ቢሆን ኖሮ የልጆችህን ትውልድ በበደልሁ ነበር ይላል። ምሬቱን ለእግዚአብሔር ተናገረ፣ በጉባኤው ላይ አልዘራውም። በንዴት ሰዓት ፌስቡክ ላይ ለመጻፍ ለሚቸኩል እጅ ይህ ትልቅ ምክር ነው።

ከዚያ ቁጥር 17 ይመጣል፤ ወደ መቅደስ ገባ፣ ፍጻሜያቸውንም አስተዋለ። መዝሙሩ ሲያልቅ የጎረቤቱ ሀብት አልቀነሰም፣ የአሳፍም ኪስ አልሞላም። ቀኝ እጁን የያዘው ማን እንደሆነ ግን አየ። ስለዚህ እሁድ ማታ ቤተሰቡ ከመበተኑ በፊት 20 ደቂቃ ወስዳችሁ ይህን መዝሙር በሦስት ከፍላችሁ አንብቡት፦ ከ1 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 20፣ ከ21 እስከ 28። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ እያንዳንዱ ያስቀናውን ወይም ያስመረረውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ማንም አይገሥጸው፣ ጥቅስም አይወርወርበት። ከሁለተኛው በኋላ ዝም በሉ። ከሦስተኛው በኋላ ስለዚያው ነገር ጸልዩ። የሚበላሸው የመጀመሪያው ክፍል ተዘሎ በቀጥታ ወደ «እግዚአብሔር እድል ፈንታዬ ነው» ሲኬድ ነው፤ ያልተነገረ ምሬት ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ይነገራል።

እሁድ የሥራ ቀናችሁ የሆነ ነርሶች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ የሺፍት ሠራተኞች፦ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ፣ ከማታ እስከ ማታ ያለ አንድ ቀን ያዙና ለቤተሰባችሁና ለኅብረታችሁ አሳውቁ፣ በዚያ ቀን ማንም ሌላ ሥራ እንዳይቀጥራችሁ። እሁድን የሚያገለግሉ መጋቢዎችና ዘማሪዎችም እንዲሁ ሌላ ቀን ያስፈልጋቸዋል። ማርቆስ 6 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ጥቂት ዕረፉ ብሎ በታንኳ ወሰዳቸው፤ ሕዝቡ ግን በእግር ቀድሞ ደረሰ። ጌታ አዘነላቸው፣ አስተማረ፣ አምስት ሺህ ወንዶችን መገበ። ሥራው ሲያልቅ ግን «በቃ ዛሬ አልተቻለም» አላለም፤ ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ ላካቸው፣ ሕዝቡን ራሱ አሰናበተ፣ ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ለቅሶ ወይም ድንገተኛ ሕመም ቅዳሜያችሁን ሲወስደው እንዲሁ አድርጉ፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ግማሽ ቀን ፈልጉ።

ይህን ሁሉ አድርጎ አሁንም ደስታ የራቀው ወገን ካለ እምነቱን አትጠራጠሩበት። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ሲለምን መልአኩ ስብከት አላመጣለትም። ዳቦና ውሃ አመጣለት፤ በላ፣ ተኛ፣ እንደገና ተቀስቅሶ በላ። የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ በኮሬብ ነው። ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለው፣ ወይም መኖር አልፈልግም ካለ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ፣ በዚያው ቀን፤ ብቻውንም አትተዉት። መጸለይ ከሕክምናው ጋር ይቀጥላል። ስትሄዱ የሚበላ ነገር ያዙ፣ ከሁለት ሰው አትብለጡ፣ እርሱ ካልጀመረ ወሬ አታብዙ፣ ስትወጡም የምትመለሱበትን ቀን ንገሩት።