«የጋን መብራት»፦ ጋን ውስጥ ማን ከተተው?

ሙሉው አባባል «የጋን ውስጥ መብራት» ነው፤ ሲያሳጥሩት «የጋን መብራት» ይሉታል። ጋን አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው። ውስጡ የተቀመጠ መብራት መብራቱን ይበራል። የሚያየው ግን ጎንበስ ብሎ በአፉ ያጮለቀ ሰው ብቻ ነው። ቤቱ እንደጨለመ ነው።

አባባሉ ለሁለት ዓይነት ሰው ይውላል። አንዱ እውቀቱን ለራሱ ይዞ የተቀመጠ ነው፤ ይወቀስበታል። ሌላው ችሎታ እያለው አስታዋሽ ያጣ ነው፤ ይታዘንለታል።

የቅርብ ዘመዱ ወንጌል ውስጥ አለ። ማቴዎስ 5፥15 መብራት በመቅረዝ ላይ እንጂ ከዕንቅብ በታች እንደማይቀመጥ ይናገራል። ልብ በሉ፣ እዚያ የሚነሱት አብርተው የሚያስቀምጡት ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንወቅሰው መብራቱን ነው።

እኔም ወቅሻለሁ። የወሩን ሪፖርት የሚያውቅ አንድ ባልደረባ ነበረን። ቁጥሩ አልገጥም ሲል መፍትሔው «እሱን ጥሩት» ነበር። አንዴ ዕረፍት ወጣ፣ ስልኩም ዝግ ነው። ሦስት ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ኤክሴል ላይ አፈጠጥን። ሲመለስ አንድ የተደበቀ ረድፍ ከፍቶ አሳየን፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ለምን አልነገርከንም?» አልነው። «ማን ጠየቀኝ?» አለ። ተናደድኩ እንጂ መልስ አልነበረኝም።

መብራት በእግሩ ሄዶ ጋን ውስጥ አይገባም። ጠያቂ የሚሳቅበት ቢሮ ይከተዋል። ያሳየው ሰው ተረስቶ ያቀረበው የሚመሰገንበት ቢሮም እንዲሁ።

አለቃችን በበኩሉ «የምታውቁትን ሁሉ ጽፋችሁ አስረክቡ» አለ። ወፍራም ሰነድ ተዘጋጀ፤ ማንም አልከፈተውም። ያቺ ረድፍም የለችበትም። ባልደረባችን መደበቁ አይመስለኝም። ሰው የሚያውቀው ነገር ትዝ የሚለው ችግሩ ፊቱ ሲደቀን ነው። ባዶ ወረቀት ሰጥቶ «ጻፍ» ቢሉት የሚመጣለት ሁሉም የሚያውቀው ነው።

በሚቀጥለው ወር ሪፖርቱን ሲጀምር ደብተር ይዤ፣ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለእሱ ግልጽ የሆነውን ሁሉ እንደ ጀማሪ ጠየቅኩት። አንዷ ረድፍ ጋ ሲደርስ እጁ ቆም አለ።

«እንዴ! ይቺን ለምን እንደምሰርዛት እኔም ረስቼዋለሁ» ብሎ ሳቀ።