የፕሮቲን ካርቦኒል ምንድን ነው?

«ፀሐይ መታኝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መቅላት፣ መላጥ ወይም መጥቆር ነው። ቆዳ ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን አይታይም፣ አያምም፣ አያሳክክም። ታዲያ እንዴት ይለካል? ተመራማሪዎች ከሚጠቀሙባቸው ምልክቶች አንዱ የፕሮቲን ካርቦኒል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፀሐይ የሚመጣው፣ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ውስጥ ሲገባ ኃይሉን የሚውጡ ሞለኪውሎች ያገኛል። አንዳንዶቹ የዋጡትን ኃይል ለኦክስጅን ያቀብላሉ። ያኔ አጠገባቸው ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ቁጡ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ። ፕሮቲን ካገኙ ላይሲን፣ አርጂኒን፣ ፕሮሊን እና ትሪዮኒን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያዎች፣ ይለውጣሉ። በመጨረሻ ፕሮቲኑ ላይ ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ቦንድ የተያያዙበት ቦታ ይቀራል። ካርቦኒል የሚባለው ይህ ነው። ቆርቆሮ ሲዝግ ከሚሆነው ጋር ዝምድና አለው፤ ሁለቱም ኦክሲዴሽን፣ ማለትም በኦክስጅን የሚመጣ ለውጥ፣ ናቸው።

ለልኬት የተመረጠው ደግሞ ስለማይድን ነው። ሕዋስ ዲኤንኤውን የሚጠግንበት መንገድ አለው። አንዳንድ ቀለል ያሉ የፕሮቲን ጉዳቶችንም ይመልሳል። ካርቦኒል ያወጣን ፕሮቲን ግን አይጠግንም፤ ያለው አማራጭ አፍርሶ ማስወገድ ነው። ጉዳቱ ከበዛ ፕሮቲኖቹ ይጣበቁና ለማፍረስም ያስቸግራሉ። ስለዚህ ምልክቱ ይቆያል።

ወደ ልኬቱ እንሂድ። መጀመሪያ ናሙና ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ ባዮፕሲ ነው፤ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይቆረጣል። ሁለተኛው በጣም ቀላል ነው፤ ፕላስተር። ክንድ ላይ ይለጠፋል፣ ይነሳል፣ የሞቱ ሕዋሳትን ስስ ንብርብር ይዞ ይመጣል። እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ፕላስተር ሲለጠፍ ደግሞ ከሥር ያለው ይነሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በዚህ ዘዴ የተገኘ ውጤት አለ፤ ካርቦኒል ከውስጠኛው ንብርብር ይልቅ በውጪኛው ይበዛል። ያስኬዳል። ውጪ ያለው ከሁሉም በላይ ዕድሜ ያለው፣ ከፀሐይና ከአየር ጋር ፊት ለፊት የሚጋፈጠውም እሱ ነው።

ቀጥሎ ፕሮቲኑ ይሟሟና ዲኤንፒኤች የተባለ ኬሚካል በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተበጥብጦ ይጨመርበታል። ዲኤንፒኤች ካርቦኒል ሲያገኝ ይያያዘዋል። የተፈጠረው ነገር 370 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ይውጣል። ስፔክትሮፎቶሜትር የተዋጠውን ብርሃን ያነባል። ከዚያ በአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን ስንት ናኖሞል (እጅግ ጥቃቅን መጠን የሚለካበት አሃድ) ካርቦኒል እንዳለ ይሰላል።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ጣጣው ያለው እጥበቱ ላይ ነው። ዲኤንፒኤች ራሱ ቢጫ ነው፣ ራሱም ብርሃን ይውጣል። ሳይያያዝ የተረፈው ጠርቶ ካልወጣ ማሽኑ እሱንም «ጉዳት» ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ፕሮቲኑን በአሲድ ወደ ታች ያዘቅጡትና በኢታኖልና በኢቲል አሲቴት ድብልቅ ደጋግመው ያጥቡታል። ችግሩ ባጠቡ ቁጥር ፕሮቲንም አብሮ ይሄዳል። የፕሮቲኑ መጠን መለካት ያለበት ታጥቦ በቀረው ላይ ነው፤ በተነሱበት ላይ አይደለም። ዲኤንኤም ቀድሞ መወገድ አለበት፣ አለዚያ ቁጥሩን ያሳብጣል። ከናሙናው ግማሹ ደግሞ ዲኤንፒኤች የሌለበት አሲድ ብቻ ተጨምሮበት ለንጽጽር ይቀመጣል። እኔ በበኩሌ ይህ ንጽጽር ያልተጠቀሰበት የካርቦኒል ቁጥር ሲገጥመኝ ብዙ አላምነውም።

ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደሆነ ማወቅ ሲያስፈልግ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ይገባል። ስስ የቆዳ ቁራጭ በዲኤንፒኤች ይነከራል፣ ይህን ኬሚካል የሚያውቅ አንቲቦዲ ይጨመራል፣ ቦታው ቀለም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ለረጅም ጊዜ ፀሐይ የጎዳውን ቆዳ እንዲህ አይቶ፣ የተጎዱት ፕሮቲኖች ቆዳን የሚያጠነክሩትና የሚያለጥጡት ኮላጅንና ኤላስቲን ባሉበት የውስጠኛው ቆዳ የላይኛ ክፍል ላይ ተከማችተው አግኝቷል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? መቅላትን ማየት አይበቃም ወይ? አይበቃም። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ላይ የሚጻፈው ኤስፒኤፍ የተባለ የመከላከያ ቁጥር የሚለካው በመቅላት ነው፤ መቅላትን የሚያመጣው ደግሞ በዋናነት ዩቪቢ የተባለው የአልትራቫዮሌት ዓይነት ነው። መሬት ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህሉ ግን ዩቪኤ የተባለው ሌላው ዓይነት ነው። ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ መስታወትም አያቆመውም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣች ፎቶ አለች። ሰውየው ለ28 ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። በመስኮቱ በኩል ያለው የግራ ፊቱ ተጨማዶና ወፍሮ ከቀኙ ጋር አይተዋወቅም። በእኛም አገር መሪው በግራ ነው። ሹፌር ዘመድ ያለው ሁለቱን ክንዶቹን አስተያይቶ ይፍረድ።

ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላት በደንብ አይታይም። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ግን በእርግጥ ከጨረር ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ1979 በተደረገ ልኬት የጥቁር ሰዎች የላይኛ ቆዳ ያሳለፈው ዩቪቢ 7.4 በመቶ፣ ዩቪኤ ደግሞ 17.5 በመቶ ነበር። የነጮቹ 24 እና 55 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ ይህም የሜላኒን መከላከያ የላቸውም።

ካርቦኒል ጥፋተኛውን አይናገርም። የሲጋራ ጭስ፣ ኦዞን፣ የተበላሸ ቅባት፣ ስኳርም ያመጡታል። ስለዚህ ከአንዱ ሰው ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ፣ ለምሳሌ ፊት፣ ፀሐይ ከማያገኘው መቀመጫ ጋር ይነጻጸራል። የትኛው ፕሮቲን እንደተመታም በአንድ ቁጥር አይታወቅም። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሥራ አነስተኛ መጠን ያለው ዩቪቢ ፋይብሪሊንና ፋይብሮኔክቲን የተባሉ የቆዳ ፕሮቲኖችን ሲጎዳ ኮላጅንን ብዙም አልነካውም። ጨረሩን በቀጥታ የሚውጡት ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ኮላጅን ውስጥ እነዚህ እምብዛም የሉም። አሁን ፕሮቲኑን ቆራርጦ፣ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር የተለወጠውን ቁራጭ ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

የቆዳ ቅባት ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ኮላጅን ነውና፣ እሱም አይጎዳም ማለት አይደለም። ጨረር ያገኘው ሕዋስ ኮላጅንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ያመነጫል። ያ መቆረጥ በካርቦኒል ልኬት አይታይም፤ ኢንዛይሙን ወይም የኮላጅኑን ስብርባሪ ለብቻ መለካት ያስፈልጋል።