የስደተኛ ቤተሰብ የትውልዶች ልቦለድ

የስደተኛ ቤተሰብ የትውልዶች ልቦለድ አገሩን ለቅቆ በባዕድ ምድር የሰፈረን ቤተሰብ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ ወዲያ፣ እየተከተለ የሚተርክ ረጅም ልቦለድ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ስለሚበዙ ብዙዎቹ መጻሕፍት የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ያትማሉ።

ቅርጹ ራሱ በስደት አልተጀመረም። ጀርመናዊው ቶማስ ማን እ.ኤ.አ. በ1901 ባሳተመው «ቡደንብሩክስ» የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ አራት ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ ይታያል። እዚያ ግን አያትም ልጅም የሚነጋገሩት በአንድ ቋንቋ ነው። ስደት ሲገባበት ይህ ይቀራል፤ አያት በሕልሟ የምትናገርበት ቋንቋ ለልጅ ልጇ በከፊል ብቻ የሚገባ ድምፅ ይሆናል። ከድህነቱና ከባሕር ጉዞው ይልቅ የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ እውነተኛ ጉዳይ ይህ ነው።

የታሪክ ምሁሩ ማርከስ ሊ ሃንሰን በ1938 ልጅ ሊረሳው የሚሻውን የልጅ ልጅ ሊያስታውሰው ይሻል ሲል ጽፏል። ሐሳቡ ስለ አሜሪካ ስደተኞች የቀረበ ቢሆንም፣ ተራኪው ብዙ ጊዜ ለምን የልጅ ልጅ እንደሚሆን ያስረዳል። በጄፍሪ ዩጀኒደስ «ሚድልሴክስ» (2002) ከ1922ቱ የሰምርኔስ (የዛሬዋ የቱርክ ከተማ ኢዝሚር) ቃጠሎ አምልጠው ዲትሮይት የገቡትን ግሪካውያን ታሪክ የሚነግረን፣ ያን ቀን ያላየው የልጅ ልጃቸው ነው።

በዘመናችን በሰፊው ከተነበቡት አንዱ የሚን ጂን ሊ «ፓቺንኮ» (2017) ነው። የመጽሐፉ ሐሳብ የተጸነሰው ደራሲዋ ተማሪ ሳለች በ1989 በሰማችው ንግግር ነው፤ ተናጋሪው በጃፓን የሚኖር አንድ ኮሪያዊ ልጅ በእኩዮቹ ተሰድቦ ራሱን ማጥፋቱን አወጋ። ታሪኩ ጃፓን በ1910 ከጠቀለለቻት ኮሪያ ተነሥቶ እስከ 1989 ይዘልቃል። ከቤተሰቡ ልጆች አንዱ፣ ሰሎሞን፣ ጃፓን ተወልዶ ያደገ ቢሆንም በሕጉ የውጭ አገር ሰው ነውና ዐሥራ አራት ዓመት በሞላው ቀን ተመዝግቦ የጣት አሻራ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ደራሲዋ ሕጉን በሐተታ አታብራራም፤ የልጁን ጣትና ቀለሙን ታሳየናለች፣ ያም ይበቃል። አጎቱ ኖአ ደግሞ የጃፓን ስም ይዞ፣ ማንነቱን ከሚስቱና ከልጆቹ ሳይቀር ደብቆ ይኖራል።

ዘርፉ ደካማ ጎንም አለው። ደራስያን ለመጀመሪያዎቹ ተሰዳጆች ሰፊ ቦታ ሰጥተው የመጨረሻውን ትውልድ በጥድፊያ ያልፉታል። አያቲቱን እንደ ጎረቤት ስናውቃት የልጅ ልጇ ሥራውና ዕድሜው ብቻ የተነገረን እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ትልቅ ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ ጥድፊያው ይብሳል።

ከዚህ ጉድለት በተሻለ የራቀው ስዊድናዊው ቪልሄልም ሞበርግ ይመስለኛል። ከ1850ዎቹ እስከ 1920ዎቹ 1.3 ሚሊዮን ያህል ስዊድናውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዋል፤ የራሱ ዘመዶችም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ከ1949 እስከ 1959 ባወጣቸው አራት ቅጾች ካርል ኦስካርና ክሪስቲና የተባሉ ገበሬዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሚኒሶታ ይሰፍራሉ። የአገሯ ናፍቆት ለማይለቃት ክሪስቲና ባሏ ከወላጆቿ ግቢ የፖም ዘር በደብዳቤ ያስመጣላታል። ዘሩ በቅሎ ዛፍ ይሆናል፤ የበሰለውን የመጀመሪያ ፍሬ የምትቀምሰው ግን በሞት አልጋዋ ላይ ነው። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያድጋሉ። ካርል ኦስካር ሲሞት መርዶውን ለእኅቱ በስዊድንኛ ሊጽፍ የሚችል ከልጆቹ አንድ ስለማይገኝ፣ ደብዳቤውን ጎረቤቱ በተሰባበረ ስዊድንኛ ይጽፈዋል።