ጆርናሉን ስለራሱ አትጠይቁት፦ ስለ አጭበርባሪ ጆርናሎች በተለምዶ የምንሳሳታቸው

አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ካፌ ውስጥ ማስተርስ ወይ ፒኤችዲ የሚሠሩ ሰዎች ከተሰበሰቡ ወሬው ዞሮ ዞሮ «የት ፐብሊሽ ላርግ» ላይ ነው የሚያርፈው፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ «ዲር ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል ያሳያል፣ በ5 ቀን እናወጣልሃለን የሚል። አጭበርባሪ ጆርናል የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፣ ፔፐሩን በትክክል ሳይገመግም ብር ተቀብሎ የሚያወጣውን። ከዛ በኋላ የሚባሉትን ነገሮች እንያቸው።

«አይኤስኤስኤን አለው፣ ዲኦአይም አለው እኮ»
አለው፣ ግን ምን ይሁን? አይኤስኤስኤን የጆርናሉ መለያ ቁጥር ነው፣ ጥራት አይቶ የሚሰጥ የለም። የእያንዳንዱ ፔፐር መለያ የሆነው ዲኦአይም እንደዛው። ታርጋ ያለው መኪና ሁሉ ፍሬኑ ይሠራል ማለት አይደለም።

«ጎግል ስኮላር ላይ ይወጣል»
ጎግል ስኮላር በማሽን ነው የሚለቅመው፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።

«ኢምፓክት ፋክተሩ 6.8 ነው፣ ስኮፐስም ላይ አለ»
ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ኢምፓክት ፋክተር የጆርናሉ ፔፐሮች በአማካይ ስንቴ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ትክክለኛውን የሚያወጣው ክላሪቬት የሚባል ድርጅት ነው፣ ግን «ግሎባል ኢምፓክት ፋክተር» «ዩኒቨርሳል ኢምፓክት ፋክተር» ምናምን እያሉ ቁጥር የሚያድሉ አሉ። ስኮፐስ ደግሞ መርጦ የሚመዘግብ የጆርናሎች መዝገብ ነው፣ አርማውን ዌብሳይት ላይ ለመለጠፍ ደሞ ኮፒ ፔስት በቂ ነው፣ ስለዚ ጆርናሉ ስለራሱ የሚለውን ትታችሁ ራሱ ስኮፐስ ገጽ ላይ በነፃ ፈልጉት፣ ስሙ ቢኖርም እስከ የትኛው ዓመት ድረስ እንደተመዘገበ እዩ፣ ምክንያቱም ገብተው የተባረሩ አሉ። አይኤስኤስኤኑንም አመሳክሩ፣ የእውነተኛ ጆርናል ስም ሰርቀው ሌላ ዌብሳይት የሚከፍቱም አሉ፣ እሱ ነው የሚያስፈራው፣ ስሙን ፈልጋችሁ ስታገኙት ደስ ይላችኋል ግን ብሩ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው።

«ቢል ሊስት ላይ የለም»
ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የላይብረሪ ባለሙያ የአጭበርባሪ ጆርናሎችና አሳታሚዎች ሊስቱን ከኢንተርኔት ያነሳው ጥር 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ኮፒውን እያደሱ የሚያቆዩ ሰዎች አሉ፣ ግን ትናንት የተከፈተ ጆርናል እዛ አለመኖሩ ምንም አይነግራችሁም።

«ብር ከጠየቀ ፌክ ነው»
ይሄ በተቃራኒው ይጎዳናል። ፕሎስ ዋን የሚባለው የታወቀ ጆርናልም ያስከፍላል። ቁም ነገሩ ክፍያው ከመላካችሁ በፊት በግልጽ ተጽፏል ወይስ አክሰፕት ከተባለ በኋላ ነው ኢንቮይስ የሚመጣው የሚለው ነው። ደሞ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ሙሉ በሙሉ ኦፕን አክሰስ (ማንም በነፃ የሚያነባቸው) የሆኑት ጆርናሎቻቸው ላይ ከኢትዮጵያ ለሚልክ ሰው ክፍያውን ይተዋሉ፣ ብዙዎቹ ግን ስትልኩ ካልጠየቃችሁ በኋላ አይሰሙም። ስንቱ ይሄን ሳያውቅ ለአጭበርባሪ ዶላር ከጥቁር ገበያ ይፈልጋል!

«ሪቪው ተደርጓል ብለዋል፣ አሳታሚውም ትልቅ ነው»
ሪቪው ማለት የዘርፉ ባለሙያዎች ፔፐሩን መገምገማቸው ነው፣ ግን ተደርጓል መባሉ አይበቃም። በ2013 እ.ኤ.አ. ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የተሞላ የውሸት ፔፐር ለ304 ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል፣ ከነሱ ውስጥ የታወቁ አሳታሚዎች ጆርናልም ነበረበት። ስለዚ ስም ብቻ አትመኑ። የሪቪወሮቹን ኮመንት አንብቡ፣ «ግራመር አስተካክል» ብቻ ከሆነ ማንም አላነበበውም ማለት ነው። ኤዲቶሪያል ቦርድ ላይ ያሉትንም ፕሮፌሰሮች የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ፈልጉ፣ ሳያውቁ ስማቸው የተለጠፈ ብዙ ነው።

«ካልሆነ በኋላ ፔፐሬን ከነሱ አስወጣዋለሁ»
አይለቁም፣ ወይ ለማውጣትም ያስከፍላሉ። ኦሚክስ የሚባለውን የህንድ አሳታሚ የአሜሪካ ፌደራል ትሬድ ኮሚሽን ከሶት በ2019 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት 50.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኖበታል፣ ከክሱ አንዱ ክፍያ መደበቅ ሲሆን ሌላው ይሄው ፔፐር አልለቅም ማለት ነበር። አንዴ የወጣን ፔፐር ደግሞ ሌላ ጆርናል አይቀበልም።

«የአገር ውስጥ ጆርናል ፋይዳ የለውም»
ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። «ኢንተርናሽናል» የሚል ስም ይዞ ከአንድ ላፕቶፕ ከሚሠራው ይሄኛው ይሻላል፣ ሪቪው ቢዘገይም። ከመላካችሁ በፊት ግን ዲፓርትመንታችሁ ለፕሮሞሽን የሚቀበለውን ዝርዝር ጠይቁ።