«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ እንቁላሉ መቼ ነው የሚሄደው?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምንመላለስ ሰዎች የሐረጎን ዳገት በደንብ እናውቀዋለን። መንገዱ ይጠማዘዛል። ከፊት ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ካለ ማለፍ አይታሰብም፤ ከኋላው መንፏቀቅ ነው። ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ሆንን። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። አንድ ተሳፋሪ ሰዓቱን እያየ «ኧረ ሹፌር፣ ረፈደብን» አለ። ሹፌሩ ዞር ሳይል «አብሽር፣ ቀስ በቀስ...» ብሎ ተወው። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች «እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ጨረሱለት።

ይህ አባባል ሁሌም እንዲህ ነው። አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይጨርሰዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ምን እንደሚል ቆም ብለን አናየውም። ለእኔ የተገለጠልኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ያስተማሩኝም አንዲት እናትና አንዲት ዶሮ ናቸው።

መጀመሪያ የተለመደውን ትርጉም እንያዝ። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረቱን አውጥቶ ለቆርቆሮው ገንዘብ ሲያጥረው እንለዋለን። ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ገበያው ለቀዘቀዘበት ወጣት እንለዋለን። ትምህርት ለከበደው ልጅም እንደዚሁ። ታገስ፣ ትንሹ ነገር በጊዜ ብዛት ትልቅ ይሆናል ማለታችን ነው። ልክ ነው። ግን ጎዶሎ ነው።

ጎዶሎነቱ የሚታየው ምንም ያልጀመረ ሰውም ስለሚለው ነው። «ትምህርቱን ጀመርክ?» ሲባል «ቀስ በቀስ ነው እንግዲህ» ይላል። አልተመዘገበም። ፎርሙንም አልወሰደም። እንዲህ ሲባል ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም አባባሉ ለእሱ አልተባለም። እንቁላል ሳያስታቅፉ ጫጩት መጠበቅ የለም።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። «ቀስ ብሎ» እና «ቀስ በቀስ» አንድ አይደሉም። «ቀስ ብሎ» የሚነግረን ስለ ፍጥነት ብቻ ነው። «ቀስ በቀስ» ውስጥ ግን መሃል ላይ አንዲት «በ» አለች። ይህችን «በ» ሌላም ቦታ እናውቃታለን፦ ቀን በቀን፣ ወር በወር፣ ተራ በተራ፣ ደረጃ በደረጃ። አንዱን ከቀጣዩ ጋር ታያይዛለች። ቀን በቀን ስንል ዛሬም፣ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ማለታችን ነው። እንግዲህ ቀስ በቀስ ማለት ቀስታ በቀስታ ላይ ሲደረብ ነው። ሰው ቀስ ብሎ አንድ እርምጃ ሊራመድ ይችላል። ቀስ በቀስ አንድ እርምጃ መራመድ ግን አይቻልም።

ቀጥሎ «በእግሩ» የምትለዋን ልብ በሉ። «ይሄዳል» ብቻ ቢባል ኖሮ በቂ ይመስል ነበር። ግን እንቁላል ድሮም ይሄዳል፤ የሚሄደው በሰው እጅ ነው። ሰኞ ገበያ የምትወርድ ሴት ጭድ ጎዝጉዛ በቅርጫት ትይዘዋለች። እንዳይሰበር ትሳሳለታለች። ሁሌ ተሸካሚ ይፈልጋል። አባባሉ የሚለው አንድ ቀን ተሸካሚ አያስፈልገውም ነው። ራሱ ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ የገባኝ ከወደቅኩ በኋላ ነው።

በዚያ ዓመት መስከረም 1 ቀን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሰባት ነገር ጻፍኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት። እስከ ጦሳ ተራራ ግርጌ መሮጥ። በቀን 30 ገጽ ማንበብ። 1 ሰዓት እንግሊዝኛ። ስኳር መተው። ማታ ስልክ አለመንካት። ከመተኛቴ በፊት የቀኑን ውሎ መጻፍ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ምን እንደሆነ ይረዳኛል። ያም ሆኖ ሁለት ሳምንት ያህል ገፋሁበት። ከዚያ መስቀል መጣ። እንግዳ መጣ፣ አመሸን፣ በማግስቱ አልተነሳሁም። አንዱ ሲቀር ሰባቱም ቀሩ። ወረቀቱ ግን እስከ ኅዳር ድረስ አልወረደም። ባየሁት ቁጥር ያመኝ ነበር።

ለዚህ ሌላ አባባል አለን፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። መቀነት በወጉ የሚታሰረው ቆም ተብሎ ነው። እኔ እየሮጥኩ ነበር የታጠቅኩት።

በአንድ ግቢ የምንኖር አንዲት እናት አሉ። እማማ ነው የምላቸው። ኅዳር ላይ ዶሯቸውን ማድ ቤት ጥግ፣ ጭድ በሞላበት አሮጌ ቅርጫት ውስጥ 11 እንቁላል አስታቀፏት። በየማለዳው በከሰል ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ያሰምራሉ። ማንበብ መጻፍ አልተማሩም፤ ቀን የሚቆጥሩት እንደዚያ ነበር። ከሥራ ስመለስ ጎራ እያልኩ አያለሁ። በሰባተኛው ቀን እንቁላሉ ያው እንቁላል ነው። በአሥራ አምስተኛውም ያው ነው።

አንድ ቀን ዶሮዋ ተነስታ ግቢው ውስጥ ስትጭር አገኘኋት። ደነገጥኩ።

«እማማ፣ እንቁላሉ በረደ እኮ!»

«አብሽሪ ልጄ። እሷም ትብላ እንጂ፣ ውሃ ትቅመስ እንጂ። ብትነሳ ምን አለ፣ ካልተመለሰች ነው እንጂ የሚበላሸው።»

እውነትም ጥቂት ጥሬ ለቀመች፣ ውሃ ጠጣች፣ አፈር ላይ ተንከባለለች፣ ተመልሳ ገባች። ከዚያ በእግሯና በመንቆሯ እንቁላሎቹን ስታገላብጥ አየሁ። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ታደርጋለች። ካልተገላበጡ ጽንሱ ቅርፊቱ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። በማሽን የሚያስፈለፍሉ ሰዎችም ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይዘው እስከ 18ኛው ቀን ድረስ እንቁላሉን በየዕለቱ ደጋግመው ያገላብጡታል። መታቀፍ ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ዶሮዋ ግን ሥራ ላይ ነበረች።

በ21ኛው ቀን ጠዋት ከቅርጫቱ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። አንዱ ቅርፊት ተሰንጥቋል፤ ጫጩቷ ግን አልወጣችም። እጄን ስዘረጋ እማማ ያዙኝ። ራሷ ትውጣ አሉ። ቅርፊቱን ሰው ከሰበረላት ደሟ ገና ወደ ሰውነቷ ጠቅልሎ ስላልገባ ልትሞት ትችላለች። ማታ ከኮምቦልቻ ስመለስ እርጥቡ ደርቆ፣ ጫጩቷ በሁለት እግሯ ቆማ ነበር።

እዚያ ጋ ነው አባባሉ የበራልኝ። እንቁላል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አይሄድም። 20 ቀን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ ልብ መምታት የሚጀምረው በሦስተኛው ቀን አካባቢ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሦስተኛው ቀንም ሃያኛውም አንድ ናቸው። እኔ መስከረም ላይ ለውጡን በየማለዳው መስታወት ውስጥ እፈልገው ነበር። ስላላየሁት የለም አልኩ።

ስለ 21 ቀን ካነሳን አይቀር፣ «አዲስ ልማድ ለመያዝ 21 ቀን ይበቃል» የሚል ምክር በቴሌግራምም በቲክቶክም ይዞራል። የወሬው ሥር ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ፊታቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው ታዝቦ እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል በመንገድ ላይ ጠፋችና ቁጥሩ ብቻ ቀረ። 21 ቀን ለዶሮ እንቁላል ትክክል ነው። ለሰው ልማድ ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ የለንደን ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ መረጠ፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ወይም ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥ፣ እንዲህ ያለ። የመረጡትንም በየቀኑ ከሚያደርጉት ነገር ጋር አሰሩት። በየዕለቱ የሚጠየቁት «ሳታስበው ነው ያደረግከው?» ዓይነት ጥያቄ ነበር። ነገሩ ሳይታሰብ እስኪደረግ በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። ፈጣኑ 18 ቀን፣ በስሌት የተገመተው ረጅሙ ደግሞ 254 ቀን ነው። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን አላፈረሰውም።

ሳነበው ገርሞኝ ቁጭ አልኩ። እማማ ስለ ዶሮዋ የነገሩኝ ነው። «ሳታስበው ነው ያደረግከው?» የሚለውም የእኛው «በእግሩ ይሄዳል» ነው። ልማዱን መጀመሪያ አንተ ትሸከመዋለህ። ከዚያ በራሱ እግር ይሄዳል።

ከምንም በላይ ግን ላወራላችሁ የምፈልገው ስለ እማማ ፊደል ነው። የልጅ ልጃቸው ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። ከገና በኋላ «አስተምሪኝ» አሏት። ሰዓት አልወሰኑም፣ ደብተር አልገዙም። የወሰኑት አንድ ነገር ነው፤ በረካ ላይ። በወሎ ቤት ቡና በየቀኑ ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ ከዚያ በረካ ይመጣል። በረካ ሳይጠጡ መነሳት ደስ አይልም፤ ስሙም በረከት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሏል፣ ከሰሉ ወደ ማለቁ ነው፣ ዱዓውም ምርቃቱም ተደርጓል። እዚያች ሰዓት ላይ ፊደል ገበታው ይወጣል። አንድ ቡና፣ አንድ ረድፍ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ።

ፊደላችን 33 ረድፍ ነው። በ33 ቡና ያልቃል ብዬ አስቤ ነበር። አላለቀም። ጸ እና ፀ፣ ሐ እና ኀ ያደናግሯቸዋል፤ ወደኋላ ይመለሳሉ። ለቅሶ ቤት የዋሉበት ቀን ይዘለላል። ታመው የተኙበት ሳምንትም አለ። ግን ቡናው ሲፈላ ገበታው ይወጣል። ልጅቷ ብትረሳ እንኳ ጎረቤቶች «የዛሬውስ?» ይላሉ። እቁብም የሚይዘን በዚሁ ጉልበት ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ መጠኑ ይታወቃል፣ ሰው ይጠብቅሃል። ብቻውን 500 ብር ማስቀመጥ ያቃተው ሰው እቁቡን ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ይጥላል።

እኔም ከሰባቱ አንዱን ብቻ አነሳሁ፤ ማንበብን። ሰዓት አልወሰንኩም። በረካዬን ፈለግኩና መናኸሪያ አገኘሁት። ሚኒባስ እስኪሞላ በየማለዳው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እዚያ ሦስት ገጽ። ቶሎ ከሞላ ሁለትም ይበቃል። መጀመሪያ ላይ እጄ ወደ ስልኬ ይሄድ ነበር፤ እየመለስኩ ወደ ቦርሳዬ እወስደዋለሁ። ወደ ሦስት ወር ገደማ አንድ ጠዋት ወያላው ሒሳብ ሲጠይቀኝ ቀና አልኩ። መጽሐፉ ተገልጦ እጄ ላይ ነው። መቼ እንዳወጣሁት አላስታውስም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከ11ዱ እንቁላል የተፈለፈሉት 8 ናቸው። ከቀሩት ውስጥ አውራ ዶሮ ያላገኘው ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ዓመት ቢታቀፍም ጫጩት አይወጣውም። ስለዚህ ቀስ በቀስ ከማለት በፊት የምንታቀፈውን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ወዳጄ ለሁለት ዓመት በየቀኑ አሥር የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ሳያጓድል። ግን ከማንም ጋር አያወራም፣ አያነብም፣ አይሰማም። ቃላቱ ደብተር ላይ ቀሩ። ትጋቱን አከብራለሁ፤ ግን ትጋት ብቻውን እንቁላሉን አያስፈለፍልም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ዶሮዋም ትተዋለች። ሦስቱን ትታ ስምንቱን ይዛ ነው የወጣችው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ዶሮዋ እንደገና ታቀፈች። ከሥራ ስገባ ግድግዳው ላይ የከሰል መስመር ፈለግኩ። የለም። እማማ በጠመኔ ማድ ቤቱ በር ላይ ጽፈዋል። «ቅ» ትንሽ ዘመም ብላለች፣ ግን ይነበባል፦ ጥቅምት 3። ከሥሩም መፈልፈያውን ቆጥረው አስቀምጠዋል፦ ጥቅምት 24።