ኮራላይን አልጌ በአዲስ ሪፍ አኳሪየም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሪፍ አኳሪየም (ኮራል በሚያድግበት የባህር ውሃ ገንዳ) ድንጋዩንና መስታወቱን ሐምራዊና ሮዝ የሚያለብሰው ኮራላይን አልጌ ከቀይ አልጌዎች ወገን ነው። በሕዋሱ ግድግዳ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚያከማች ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። አዲስ ገንዳ ያቋቋመ ሁሉ ቶሎ እንዲወጣለት ይጓጓል፤ ሆኖም በጥድፊያ ከሚደረገው ብዙው እድገቱን ያዘገየዋል።

«ውሃው ከተስተካከለ በራሱ ይመጣል»

አይመጣም። ዘሩ ከውጭ መግባት አለበት። በደረቅ ድንጋይ ብቻ የተጀመረ ገንዳ ውሃው የቱንም ያህል ቢስተካከል ነጭ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ቀላሉ መንገድ ከጤናማ ገንዳ ኮራላይን የለበሰ ትንሽ ድንጋይ ወይም ዛጎሉ ሐምራዊ የሆነ ቀንድ አውጣ ማምጣት ነው። ከመስታወት የተፋቀ ቅርፊትም ያገለግላል፦ ሳይደርቅ በገንዳው ውሃ ውስጥ ያድቁት፣ ስኪመሩን (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) እና የማጣሪያ ጨርቁን ለጥቂት ሰዓታት ያስቁሙ፣ ከዚያ ሞገድ ሰሪው ፓምፕ ፊት ይልቀቁት። ከሌላ ገንዳ የሚመጣ ድንጋይ አይፕታዚያን (በፍጥነት የሚራባ ትንሽ የባህር አኔሞን) የመሰለ ተባይ ይዞ ሊገባ ስለሚችል አስቀድሞ በደንብ መመርመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ውስጥ ይታያሉ፤ ድንጋዩን ለመሸፈን ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

«ካልሲየም በጨመርን ቁጥር ይፈጥናል»

ብዙ ገንዳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም በሊትር፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ)፣ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ ጨዋማነቱ 35 ግራም በኪሎ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ። ከዚህ በላይ የሚጨመር ካልሲየም ጥቅም የለውም። ካልሲየምና አልካሊኒቲ አብረው ከመጠን ሲያልፉ ካልሲየም ካርቦኔቱ ከውሃው ተለይቶ ነጭ ደለል ይሆናል፣ ማሞቂያውና ፓምፑ ላይ ይጋገራል፣ ሁለቱም መጠኖች ይወርዳሉ። ይህን የሚያዘገየው ማግኒዥየም ስለሆነ፣ ካልሲየሙ አልረጋ ካለ መጀመሪያ እሱን ይለኩ።

አልጌው በግምት 20 ሚሊግራም በሊትር ካልሲየም ሲጠቀም አልካሊኒቲው 2.8 ዲኬኤች ይወርዳል። አልካሊኒቲው በ0.5 ቢወርድ ካልሲየሙ የሚቀንሰው ወደ 4 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ አብዛኛው የቤት መለኪያ አይለየውም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መለካት ያለበት አልካሊኒቲው ነው። ማስተካከያውም በቀን ከ1 ዲኬኤች አይለፍ። ኮራል ባልበዛበት አዲስ ገንዳ በየሳምንቱ 10 በመቶ ውሃ መቀየር ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

«ስትሮንቲየምና አዮዲን ለብቻ መጨመር አለበት»

ጥሩ የባህር ጨው ሁለቱንም ይዟል፤ ውሃ እየቀየሩ ላሉ አያስፈልግም።

«ጠንካራ ብርሃን ያፋጥነዋል»

ብዙዎቹ ዝርያዎች መካከለኛ ብርሃንና ጥላ ይስማማቸዋል። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ በኋለኛው መስታወት፣ በድንጋዩ ሥርና በፓምፑ አካል ላይ የሚታየውም ለዚህ ነው። በአዲስ ገንዳ ኤልኢዲውን ሙሉ ኃይል መክፈት ቀድሞ የሚጠቅመው ፀጉር መሰሉን አረንጓዴ አልጌ ነው። ዝቅ አድርገው ጀምረው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉት፤ በአንድ ጊዜ ከተጨመረ የያዘው ኮራላይንም ይነጣል።

«አልጌ ስለሆነ ፎስፌት ይወዳል»

ፎስፌት ሲበዛ የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል እንዳይሠራ ያውካል። ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ጥሩ ነው። ዜሮ ማድረግ ግን ዳይኖፍላጀሌትን (ድንጋዩን በቡናማ ዝልግልግ የሚሸፍኑ ረቂቅ ተሕዋስያንን) ይጋብዛል።

«አልጌ በል እንስሳት ሁሉ ያግዛሉ»

ትሮከስ ቀንድ አውጣ ለስላሳውን አልጌ ጠርጎ ቦታ ያስለቅቃል። የባህር ጃርት ግን ኮራላይኑን ራሱን ፍቆ ይበላል፤ ያለፈበት ድንጋይ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል። ኮራላይን ገና በያዘ ገንዳ ውስጥ እሱን ማስገባት አይመከርም።

«ሐምራዊ ሁሉ ኮራላይን ነው»

በፓይፕት ውሃ ሲረጩበት እንደ ስስ ሽፋን የሚላጥ ከሆነ ሳያኖባክቴሪያ (አልጌ የሚመስል ባክቴሪያ) ነው። ኮራላይን ያለ ምላጭ አይለቅም።

«አንዴ ከያዘ ሥራው አልቋል»

ሽፋኑ በሰፋ ቁጥር የሚጠቀመው ይጨምራል፤ ውሃ መቀየር አልካሊኒቲውን መያዝ ሲያቅተው ካልሲየምና አልካሊኒቲ የሚጨምሩ ፈሳሾችን በየቀኑ መጠኑን እየለኩ መጨመር ይጀመራል። ሁለቱን ፈሳሾች በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ አያፍስሱ። ፓምፑ ቅርፊት ተጋግሮበት መጮህ ከጀመረ ነቅለው፣ እኩል በተቀላቀለ ኮምጣጤና ውሃ ውስጥ አረፋው እስኪቆም ይዘፍዝፉት፤ ከመመለስዎ በፊት በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት።